የመስሚያ ባትሪ እንደ ወተት እንጂ እንደ ምስማር አይሸጥም

በመርካቶ ዋጋ የሚቆረጠው በጆሮ ነው። ደላላው ገዢውን ገለል አድርጎ ቁጥሩን ያንሾካሹክለታል፤ ሻጩ ከባንኮኒው ማዶ በግማሽ ድምፅ «የመጨረሻ ዋጋዬ ነው» ይላል፤ በስልክ የተነገረ ሒሳብ ፊርማ ሳያርፍበት መኪና ያስጭናል። በእንዲህ ዓይነቱ ገበያ «ስልሳ» የተባለውን «ሠላሳ» ብሎ የሰማ ነጋዴ የሚከፍለው ቅጣት ይግባኝ አይባልበትም። ጆሮ ለነጋዴ እንደ ሚዛኑ ሁሉ የሥራ መሣሪያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህ የሥራ መሣሪያ ግን ያረጃል። ዕድሜ ያደክመዋል፤ የወፍጮ ቤት ጩኸትና በምናለሽ ተራ የሚቀጠቀጠው ብረት ደግሞ ከዕድሜ ቀድሞ ይጎዳዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ የመስማት ችግራቸው የባለሙያ እርዳታ እስከሚያሻው የደረሰ ሰዎች በዓለም ላይ 430 ሚሊዮን ያህል መሆናቸውን ገልጿል። መፍትሔ ሳያገኝ የቀረ የመስማት ችግር በየዓመቱ የሚያስከትለውን ኪሳራም ወደ 980 ቢሊዮን ዶላር አድርሶታል። የመስሚያ መሣሪያ ሊጠቅማቸው ከሚችሉት መካከል መሣሪያውን የሚጠቀሙት 17 በመቶ ብቻ እንደሆኑም ይኸው ሪፖርት ያስረዳል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ወሬ ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው ስለ መሣሪያው ዋጋ ነው። መሣሪያው ውድ መሆኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ መሣሪያው የሚገዛው አንድ ጊዜ ሲሆን፣ በየሳምንቱና በየአሥር ቀኑ የሚገዛው ሽንብራ የምታክለው ባትሪ ናት። እሷ ከሌለች ብዙ ሺህ ብር የወጣበት መሣሪያ ከጆሮ ጀርባ የተንጠለጠለ ፕላስቲክ ነው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ማለት ይኸው ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ነጋዴው ይህችን ባትሪ የሚሸጣት እንደ ምን ዓይነት ዕቃ ነው? እንደ ምስማርና እንደ ቁልፍ መደርደሪያ ላይ ጥሎ ገዢ እስኪመጣ የሚጠብቅ ከሆነ ደንበኛውንም ራሱንም ይጎዳል። የመስሚያ ባትሪ እንደ ወተት የሚበላሽ ሸቀጥ ነው። ይህን የተረዳ ነጋዴ ትርፉን ያገኛል፤ ያልተረዳ ደግሞ የሞተ ዕቃ እየሸጠ ገበያውን ይገድላል።

አየር የሚተነፍስ ባትሪ

ለመስሚያ መሣሪያ የሚሠራው ባትሪ በብዛት «ዚንክ ኤር» የሚባለው ዓይነት ነው። ስሙ እንደሚያመለክተው በውስጡ ያለው የዚንክ ብናኝ ከውጭ ከሚገባ አየር ኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። በተራው የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ውስጥ ለሥራው የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ታሽጎ ይገባል። በዚንክ ኤር ግን ግማሹ ግብዓት አየር በመሆኑ፣ ያ ሁሉ ቦታ ለዚንኩ ይተርፋል። ይህች ትንሽ ነገር በመጠኗ ከሚስተካከሏት ባትሪዎች በብዙ እጥፍ የምታገለግለው በዚህ ምክንያት ነው።

አየሩ የሚገባው በባትሪው ጠፍጣፋ ጎን ባሉ እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነው። ፋብሪካው ቀዳዳዎቹን ባለቀለም ልጣፊ ወረቀት ይደፍናቸዋል። ልጣፊው እስካለ ድረስ ባትሪው ተኝቷል፤ ለሦስት ዓመት ያህል፣ አንዳንዱም ለአራት ዓመት ሊቆይ ይችላል። ልጣፊው በተነሳበት ደቂቃ ግን ይነቃል። ከዚያ በኋላ መሣሪያ ውስጥ ቢገባም ባይገባም አቅሙ እየቀነሰ ይሄዳል። ልጣፊውን መልሶ መለጠፍ ጥቂት ያዘገየው እንደሆነ እንጂ አያስተኛውም።

ለነጋዴው ከሁሉ በፊት ሊታወቅ የሚገባው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ገዢ «ይሠራል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ልጣፊውን ልጦ ማሳየት የወተቱን ክዳን ከፍቶ መልሶ መደርደሪያ ላይ እንደማስቀመጥ ነው። በቴስተር መለካትም ቢሆን አያዋጣም። ልጣፊው ሳይነሳ ከተለካ አየር ያላገኘው ባትሪ ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳይና ደህናው የሞተ ይመስላል። ልጣፊው ተነስቶ ከተለካ ደግሞ የዚህ ባትሪ ቮልቴጅ እስከ ፍጻሜው ድረስ ብዙም ሳይወርድ የሚቆይ በመሆኑ፣ ሊያልቅ የተቃረበው አዲስ ይመስላል። የመስሚያ ባትሪ ጤንነት የሚነበበው በቴስተር ሳይሆን በማሸጊያው ላይ በታተመው ቀን ነው።

አራት ቁጥር፣ አራት ቀለም

ገበያው ላይ በብዛት የሚታወቁት አራት መጠኖች ናቸው። ቁጥር 10 ቢጫ ልጣፊ፣ ቁጥር 312 ቡናማ፣ ቁጥር 13 ብርቱካናማ፣ ቁጥር 675 ደግሞ ሰማያዊ ልጣፊ አላቸው። የባትሪው አምራች ማንም ቢሆን ቀለሞቹ አንድ ናቸው። ማንበብ የማይችል ደንበኛ እንኳ በቀለሙ ሊገዛ ይችላል ማለት ነው። መሣሪያው ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ቁጥር 10 ከሦስት ቀን እስከ ሳምንት፣ ቁጥር 312 ሳምንት ገደማ፣ ቁጥር 13 ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት፣ ቁጥር 675 ደግሞ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊያገለግል ይችላል። ልዩነቱን የሚያመጣው የመሣሪያው ጉልበት ነው። ድምፅን በኃይል የሚያጎላ ወይም ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኝ መሣሪያ ባትሪን ቶሎ ይጨርሳል።

ስህተት የሚፈጠረው በመመሳሰላቸው ነው። 13 እና 312 ስፋታቸው እኩል ሲሆን የሚለያዩት በውፍረታቸው ነው። ከዚህ የባሰው ግን 675 ከተለመደው ኤል አር 44 ከሚባለው የሰዓትና የአሻንጉሊት ባትሪ ጋር በስፋትም በውፍረትም መመሳሰሉ ነው። ኤል አር 44 በመስሚያው ውስጥ ይገባል፤ ድምፅም ይሰጣል፤ ገዢውም አመስግኖ ይሄዳል። ይሁንና የሰዓት ባትሪው የሚይዘው አቅም ከ675 ሩቡን ያህል እንኳ አይሞላም። በሳምንቱ አጋማሽ ጆሮው የተዘጋበት ሰው መሣሪያውን እንጂ ባትሪውን አይጠረጥርም። መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ሣጥን ውስጥ ይከተዋል። በርካሽ የተሸጠው ባትሪ ያስከተለው ኪሳራ ይህን ያህል ነው።

ሒሳቡ ምን ይላል?

ቁጥር 13 የሚወስድ መሣሪያ በሁለቱም ጆሮው ያደረገ ሰው ይታሰብ። አንዱ ባትሪ አሥር ቀን ቢያገለግለው በዓመት 73 ባትሪ ያስፈልገዋል። ባትሪው ስድስት ስድስት ሆኖ በካርድ የሚታሸግ ከሆነ በወር አንድ ካርድ መሆኑ ነው። መሣሪያው አምስት ዓመት ቢያገለግል ይኸው አንድ ሰው 365 ባትሪ ይገዛል። ሁለት መቶ እንዲህ ዓይነት ደንበኞች ያሉት ሱቅ በዓመት 14,600 ባትሪ ይሸጣል።

ለነጋዴ ከዚህ የተሻለ ደንበኛ ማግኘት ይከብዳል። የሚገዛበት ቀን ይታወቃል፤ የሚገዛው ቁጥር ይታወቃል፤ ሳይገዛ መዋል አይችልም። ስኳርና ዘይት የሚገዛ ሰው ዋጋ ሲወደድ ይቀንሳል ወይም ሌላ ሱቅ ይሞክራል። የመስሚያ ባትሪ የሚገዛ ሰው ግን አንዴ ያመነውን ሱቅ በቀላሉ አይለቅም፤ የማያውቀው ሱቅ ገብቶ መጠየቅና መልሱን ማዳመጥ ለእሱ ከባድ ነውና። ይህን ደንበኛ የሚያጣው ቀን ያለፈበት ባትሪ የሸጠለት ነጋዴ ብቻ ነው።

መደርደሪያ ላይ የሚሞት ካፒታል

ሦስት ዓመት የሚቆይ ዕቃ ስጋት የለበትም የሚል አስመጪ ይኖራል። ሒሳቡን ቢሠራው ግን ሐሳቡን ይለውጣል። ውጭ አገር ያለ አከፋፋይ የአገልግሎት ዘመኑ አንድ ዓመት ብቻ የቀረውን ባትሪ በቅናሽ ያቀርብለታል እንበል። ከጉዞ፣ ከጉምሩክና ከጅምላ አከፋፋዩ መጋዘን ስድስት ወር ቢያልፍ ለቸርቻሪው የሚተርፈው ስድስት ወር ነው። ከዚያ በኋላ የሚሸጠው እያንዳንዱ ካርድ ከደንበኛው ጋር ጠብ የሚያስነሳ ነው። ቅናሹ ቅናሽ አልነበረም፤ የሌላውን ሰው የሞተ ዕቃ መግዛት ነበር።

ሙቀትም ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ድሬዳዋ ወይም ሰመራ ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የሚቀመጥ ባትሪ ደብረ ብርሃን ካለው ቀድሞ ይደክማል። ፀሐይ የሚመታው የመስታወት ሣጥን ለዕይታ ያምር ይሆናል፤ ለባትሪው ግን መቃብር ነው። ፍሪጅም መፍትሔ አይደለም፤ ከፍሪጅ ሲወጣ የሚያልበው እርጥበት ይጎዳዋል። የሚሻለው ቀዝቀዝ ያለና ደረቅ መሳቢያ ነው።

በችርቻሮ ገበያ ሌላው አደጋ ነጠላ ሽያጭ ነው። ኪሱ ላልሞላ ደንበኛ ነጠላ መሸጥ ነውር የለበትም። ሆኖም ካርዱ ሲቀደድ ቀኑ የታተመበት ክፍል ከተጣለ የቀሩት ባትሪዎች ዕድሜያቸው የማይታወቅ ወላጅ አልባ ዕቃ ይሆናሉ። ካርዱን ቀኑ ካለበት ተቃራኒ ጎን እየቆረጡ መሸጥ አምስት ሳንቲም አያስወጣም። አዲስ የገባውን ከኋላ፣ የቆየውን ከፊት መደርደርም እንዲሁ። ደግሞም በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 የአገልግሎት ጊዜው ያለፈበትን ዕቃ ለገበያ ማቅረብን ከልክሏል። መድኃኒትና የታሸገ ምግብ ሲገዛ ቀን የሚያይ ሸማች ባትሪ ሲገዛ የማያይበት ምክንያት የለም።

በዚህ አጋጣሚ ሜርኩሪም መነሳት አለበት። የአውሮፓ ኅብረት ሜርኩሪ ያለባቸውን የዚህ ዓይነት ጥቃቅን ባትሪዎች ለገበያ ማቅረብን እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2015 ጀምሮ አግዷል። አንድ ቦታ የታገደ ዕቃ ገዢ ፍለጋ ወዴት እንደሚያመራ ነጋዴ አይጠፋውም። አስመጪው በማሸጊያው ላይ ሜርኩሪ የሌለው መሆኑ መጻፉን ሳያይ ትእዛዝ ባይሰጥ ይመረጣል።

የሸማቹ ድርሻ

ነጋዴው ሁሉን አሟልቶም ቢሆን ባትሪው በገዢው እጅ ሊባክን ይችላል። ስለዚህ ጥሩ ሻጭ ከባትሪው ጋር ምክር ይሸጣል፤ ምክሩም ዋጋ አይጠየቅበትም።

ከሁሉ አስቀድሞ ልጣፊው ከተነሳ በኋላ ባትሪው ወዲያው ወደ መሣሪያው መግባት የለበትም። ሦስት ወይም አምስት ደቂቃ አየር ሊያገኝ ይገባዋል። ይህ ትዕግሥት አዲስ አበባ ላይ ይበልጥ ያስፈልጋል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ባትሪው በአንድ ጊዜ የሚስበው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ልጣፊውን ነቅሎ ወዲያው የሚዘጋ ሰው «ደካማ ባትሪ ሸጡልኝ» ብሎ ሊመለስ ይችላል።

እጅም ንጹሕና ደረቅ ይሁን። ቅባት ወይም ላብ ቀዳዳዎቹን ከደፈነ ባትሪው ይታፈናል። ማታ ከመኝታ በፊት መሣሪያው ሲወልቅ የባትሪውን በር ከፍቶ ማሳደር ኃይል ይቆጥባል፤ በውስጡ ያደረውን ላብና እርጥበትም ያደርቃል። ለብዙ ቀን የማይሠራበት መሣሪያ ባትሪው ወጥቶ መቀመጥ ይኖርበታል። በክረምት እርጥበት፣ በበጋ ደግሞ ደረቅ አየር የተከፈተ ባትሪን ያዳክማሉ፤ ስለሆነም አንዱ ሳያልቅ የሌላውን ልጣፊ ማንሳት ገንዘብን መጣል ነው።

መጠባበቂያ ባትሪ ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር በኪስ አይያዝም፤ ብረት ሁለቱን ጫፎች ካገናኛቸው ባትሪው ባዶውን ይቀራል። መጠባበቂያው ግን አይቅር፤ ይህ ባትሪ ሲያልቅ እንደ ፋኖስ ቀስ በቀስ አይደበዝዝም፣ በድንገት ይጠፋል። ዚንክ ኤርን እንደገና ቻርጅ ለማድረግ መሞከር ሊያፈነዳው ስለሚችል አይሞከርም። እሳት ውስጥም አይጣልም። ከሁሉ በላይ ከሕፃናት ይራቅ፤ የዋጠ ሕፃን ካለ ቀን ሳይሰጡ በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ መውሰድ ያስፈልጋል።

«ገበያው ጠባብ ነው» ለሚሉ

የነጋዴው መልስ ከወዲሁ ይታወቃል። ገበያው ጠባብ ነው፤ ምንዛሪው ተወዷል፤ ወደፊት ደግሞ ሁሉም መሣሪያ በቻርጀር የሚሠራ ይሆናል ይላል። ሦስቱም ነጥቦች የሚናቁ አይደሉም።

ስለ ምንዛሪው ክርክር የለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር የባንክ ዋጋ በ2017 ዓ.ም. ከ120 ብር በላይ ሆኗል። አንድ ባትሪ ተበላሽቶ ሲጣል የሚጣለው ብር ያን ያህል ጨምሯል ማለት ነው። ግን ይህ ለጥንቃቄ እንጂ ለመተው ምክንያት አይሆንም። ዶላር ሲወደድ የሚያዋጣው ትንሽ እያዘዙ ቶሎ ቶሎ ማዞር ነው። ለዚህ ደግሞ ከዚህ ዕቃ የሚመች ጥቂት ነው። አንድ ቁጥር 13 ባትሪ አንድ ግራም እንኳ አይመዝንም፤ ከላይ የተሰላው የሁለት መቶ ደንበኞች የዓመት ፍጆታ ማሸጊያውን ሳይጨምር ከ15 ኪሎ በታች ነው። በዓመት አንዴ ብዙ አስገብቶ ከማስረጀት፣ በዓመት ሦስት አራት ጊዜ በአየር ጭነት ማስመጣት ይቻላል። የአንዱ ነጋዴ ትእዛዝ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሆነው ቢያዝዙ ማን ይከለክላቸዋል?

ስለ ቻርጀሩም ቢሆን አካሄዱ እውነት ነው። ሊቲየም አዮን ባትሪ የተገጠመላቸውና ማታ ማታ ቻርጅ የሚደረጉ መሣሪያዎች በሀብታም አገሮች ገበያውን እየያዙ ነው። ይሁን እንጂ መብራት በሚጠፋበት ሌሊት ያልሞላ መሣሪያ ጠዋት አይሰማም፤ የውስጥ ባትሪው ከዓመታት በኋላ ሲደክምም ባለቤቱ በጣቱ የሚቀይረው አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ለአነስተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች የሚስማማውን መሣሪያ ሲመክር በባትሪ በኩል ያተኮረው 13 እና 675 ላይ ነው። በቦትስዋና ኦትሴ መንደር የተቋቋመው ጎዲሳ የተባለ ድርጅትም መስማት የተሳናቸውን ሠራተኞች ይዞ በፀሐይ ኃይል የሚሞላ የመስሚያ ባትሪና ቻርጀር ለማምረት በቅቷል። ይህ ለኢትዮጵያ ባለሀብትም ጥሩ ማስታወሻ ነው፤ ችግሩ የአፍሪካ ከሆነ መፍትሔውም እዚሁ ሊሠራና ሊሸጥ ይችላል።

ከዚህ የሚወጣው የገበያ ምክር ግልጽ ነው። ቁጥር 10ን በብዛት አከማችቶ መቀመጥ አደገኛ ነው። 13 እና 675 ግን ገና ለብዙ ዓመታት ፈላጊ ይኖራቸዋል፤ ከእርዳታ የተገኙትና ከዘመድ የተላለፉት መሣሪያዎች ባትሪ መጠየቃቸውን አያቆሙምና።

ገበያው ጠባብ ነው ለሚለው ደግሞ ጥያቄው መገልበጥ አለበት። ጠባብ የሆነው ፈላጊ ጠፍቶ ነው ወይስ ፈላጊው የሚታመን ባትሪ አጥቶ መሣሪያውን ሣጥን ውስጥ ስለ ቆለፈው? መሣሪያ የሚሸጠው ክሊኒክ ባትሪ የሚገኝበትን ሱቅ ካልጠቆመ፣ መሣሪያ የሚለግሰው በጎ አድራጊ የዓመት ባትሪ ካላሰበ፣ ቸርቻሪውም የሰዓት ባትሪ እያቀበለ ካሰናበተ ገበያው እንዴት ይሰፋል?

ለማስፋት አዲስ ሕግ ወይም ትልቅ ካፒታል አያስፈልግም። አስመጪው ቢያንስ ሁለት ዓመት የቀረውን ባትሪ ብቻ ይግዛ። አከፋፋዩ የገባበትን ወር ካርቶኑ ላይ ይጻፍ። ቸርቻሪው የደንበኞቹን ቁጥርና ቀለም በደብተር ይያዝ፤ ቀኑ ሲደርስም በአጭር የስልክ መልእክት ያስታውስ። ቀኑ ያለፈበትን ደግሞ በቅናሽ ከመሸጥ ይጣለው።

ክፍል ውስጥ ከፊት ወንበር የተቀመጠች ተማሪ ባትሪዋ ረቡዕ ቀን ቢሞት እስከ ሰኞ ድረስ ያመለጣትን ትምህርት የሚመልስላት የለም። በዕድሜ የገፋው ነጋዴም ባትሪው በድርድር መሐል ቢጠፋበት «ስልሳ» እና «ሠላሳ» እንደገና ይምታቱበታል። ሁለቱም የሚጠብቁት ምጽዋት አይደለም፤ ገንዘባቸውን ከፍለው ያልሞተ ባትሪ መግዛት ነው። ይህን ሊያደርግላቸው የሚችለው ነጋዴው ነው፤ ማሸጊያው ላይ የታተመውን ቀን ከማንበብ ይጀምራል።